ቡገንቪሊያ፥ በጥም የሚያብበው ዕፅ

በድሬዳዋ ወይም በባሕር ዳር ጎዳና ሲያልፍ፥ አጥር ተሻግሮ በግንብ ላይ እንደ ግምጃ መጋረጃ የተዘረጋውን ቀይና ሐምራዊ ኅብር ያየ ሰው፥ «ይህ ምን ዓይነት አበባ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ዓይኑን የማረከው ያ ኅብር አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው። ቀረብ ብሎ የመረመረ እንደ ሆነ፥ እንደ ስስ ወረቀት በሚንኮሻኮሹት ሦስት ባለ ቀለም ቅጠሎች መካከል፥ እያንዳንዱን ቅጠል አንዲት ቀጭን ነጭ አበባ አቅፎ ያገኘዋል፤ እውነተኞቹ አበቦች እነዚህ ሲሆኑ፥ ቅጠሎቹ እንደ ልብሰ ተክህኖ ከውጭ ተደርበው ክብራቸውን ከሩቅ የሚያስታውቁላቸው ናቸው።

የቡገንቪሊያ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል የተባለው ፈረንሳዊ የባሕር መኮንን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1766 ዓለምን ለመዞር በተነሣ ጊዜ፥ በጉዞው የተከተለው የዕፀዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን በሪዮ ዴ ጃኔይሮ አቅራቢያ ይህን ዕፅ አግኝቶ በአዛዡ ስም ጠራው። በወንድ ልብስ ተሰውራ በረዳትነት የተሳፈረችው ዣን ባሬም ዕፀዋት የመልቀሙን ድካም ከእርሱ ጋር ተካፍላለችና፥ ኋላም ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዪቱ ሴት ለመባል በቅታለችና፥ የዕፁ ታሪክ በተነሣ ቍጥር ስሟ አብሮ ሊነሣ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የዚህን ዕፅ ጠባይ ያላወቀ አትክልተኛ የሚያጠፋው በቸልተኝነት ሳይሆን ከመጠን ባለፈ ርኅራኄ ነው። ውሃ በየዕለቱ የጠገበና ፍግ የበዛለት ቡገንቪሊያ ኃይሉን ሁሉ በለምለም ቅጠልና በረጃጅም ቅርንጫፍ ያፈስሰዋል፤ ኅብሩን የሚገልጠው ግን እንደ ገዳማዊ ሰው በጥምና በተአቅቦ ሲኖር ነው። በአገራችንም በክረምቱ ዝናም አረንጓዴ ለብሶ የከረመው ዕፅ፥ መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራና መሬቱ ሲደርቅ የሚደምቀው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሲጠጣ እስከ ሥሩ ጠልቆ ይጠጣ፤ ከዚያም አፈሩ ደረቅ እስኪል ድረስ ይተው። ፀሐይን በተመለከተ ግን ተአቅቦ የለበትም፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያልተከለለ ብርሃን ይሻል፤ ውርጭ በሚጥልበት ደጋም ለጋው ቅርንጫፍ ይቃጠላል።

ማባዛት የፈለገ ሰው፥ የእርሳስ ያህል ከወፈረና እንጨትነቱ ከጠና ቅርንጫፍ፥ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው አንድ ስንዝር ቆርጦ፥ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፥ አሸዋ በተቀላቀለበት ልል አፈር፥ ጥላ ባለበት ቦታ ይተክለዋል፤ ሥር እስኪሰድ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገሥ ግድ ነው። ችግኙ ወደ ቋሚ ስፍራው ሲዛወር ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለ ሆነ፥ አፈሩን ከሥሩ ማራገፍ አይገባም፤ ከነጓሉ እንደ ታቀፈ ይውረድ። ጉድጓዱም ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት፤ በውሃ የተዘፈቀ ሥር ይበሰብሳልና።

አዲስ ኅብር የሚወጣው በአዲስ ቡቃያ ላይ ስለ ሆነ፥ አበባው ሲረግፍ ቅርንጫፉን መግረዝ ደግ ነው፤ ገራዡ ግን ወፍራም ጓንት ያጥልቅ፤ በዚያ ሁሉ ውበት ሥር ጠንካራ እሾህ አለና።