ልጆቻችን የሚያነቡት «ሃአሱፊት» ምን ይናገራል?

ልጃችሁ ከቤተ መጻሕፍት «ሃአሱፊት» የሚል የዕብራይስጥ መጽሐፍ ይዛ ገብታ ይሆናል። ስሙ ወላጅ አጥታ በሰው ቤት የተጠጋች ልጅ እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን የጻፈችው ካናዳዊቷ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ ስትሆን፣ በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ደራሲዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተችባት በአያቶቿ እጅ አደገች። ድርሰቷንም አሳታሚዎች ደጋግመው መልሰውባት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ማቲውና ማሪላ የተባሉ ያላገቡ ወንድምና እኅት በእርሻ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ስለ ገፋ፣ በሥራ የሚያግዛቸው ወንድ ልጅ ከሕፃናት ማሳደጊያ እንዲመጣላቸው ይልካሉ። መልእክቱ ተዛብቶ ግን አን ሸርሊ የተባለች የ11 ዓመት ልጅ ትመጣለች። እንደማትፈለግ ስትሰማ ምርር ብላ አለቀሰች። ዝምተኛው ማቲው ገና ከባቡር ጣቢያ ሲያመጣት ወዷት ነበር፤ ማሪላም ጥቂት ካመነታች በኋላ አስቀረቻት።

አን ወሬዋ አያልቅም፤ ለመንገዱም ለኩሬውም ስም ታወጣለች። ይህ ሥራ ፈትነት እንዳይመስላችሁ። የሰው ልጆች ስትጠብቅ ባደገችባቸው ቤቶች ያጽናናት ሐሳቧ ብቻ ነበር። ስሟ በትክክል እንዲጻፍላትም አጥብቃ ትጠይቃለች። ወደዚህ አገር ስንገባ ስማችን የተለወጠብን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። በቀይ ጠጕሯ ያሾፈባትን ጊልበርትንም በጽሕፈት ሰሌዳዋ አናቱን መታችው፤ ሰሌዳውም ተሰበረ።

ሐሳቧ ጣጣም ያመጣባታል፦ ራሷ በፈጠረችው የመናፍስት ወሬ በጫካው ማለፍ ፈርታ ተንቀጥቅጣለች። እያደገች ስትሄድ ግን ወሬዋ ቀነሰ፤ ማሪላም ያቺን ትንሽ ልጅ ናፈቀች።

በመጨረሻ አን ለከፍተኛ ትምህርት ነፃ ዕድል አገኘች። ወዲያው ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ባንክ ከሰረ፤ ማቲውም ወሬውን እንዳነበበ ልቡ ቆሞ ሞተ። የማሪላ ዓይን ደግሞ እየደከመ ነበር፣ ቤቱም ሊሸጥ ሆነ። አን ዕድሉን ትታ በአካባቢው ለማስተማርና ትምህርቷን በቤቷ ለመቀጠል ወሰነች።

እንግዲህ ወላጆች፣ ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ልጃችሁ ታሪኩን በአማርኛ እንድትተርክላችሁ አድርጉ። ከዚያም «አን ትክክል አደረገች ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። እናትና አባትን ለማገዝ ስትል የራሷን ትምህርት ምን ያህል መተው እንዳለባት የምታስብ ልጅ፣ በአን ስም የራሷን ሐሳብ ትነግራችሁ ይሆናል። በጥሞና አዳምጧት።