ቅጠሉ የማይደርቀው ማሽላ

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ገብሱን ከላይ ትቶ አዲ አርቃይ ቆላ ሲደርስ ማሽላ ውስጥ ይገባል። እዚህ የማሽላውን ዕድል የሚወስነው ክረምቱ መግባቱ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ጊዜም ነው። ዝናቡ ቀድሞ ከቆመ ዛላው ፍሬ ሳይሞላ ቅጠሉ ከሥር ወደ ላይ እየደረቀ ይወጣል፤ አገዳው ያለውን ስኳር ለፍሬው ሰጥቶ ባዶውን ይቀራል፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይጋሸባል። አየሩ እየሞቀ ዝናቡም መላ እያጣ ሲሄድ ብዙ ሰው ከውጭ የሚመጣ ዘር ይናፍቃል። ነገር ግን የሚፈለገው ዘር ከዚሁ አገር የወጣ ነው። ቢ 35 የሚባለውና በአሜሪካ፣ ቴክሳስ የተዘጋጀው ማሽላ የተገኘው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የገበሬ ዘር ነው። ፍሬው እስኪበስል ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ምሥጢሩ ቁጠባ ነው፦ ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ይቀንሳል፣ የላይ ቅጠሉን ያሳንሳል፤ ከማበቡ በፊት ያልጠጣው ውኃ አፈር ውስጥ ቆይቶ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ይደርስለታል። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ የሚሸከሙ 4 የዘረመል ክፍሎችን ለይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የማሽላ ዘረመል ተነቦ ታተመ። አዳቃዩ ድርቅ እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶለታል፤ ከቡቃያው ቅጠል ቁራጭ ወስዶ ዘረመሉን ያያል።

ገበሬው እኮ ዘር ሲመርጥ ኖሯል፣ ላቦራቶሪ ምን ይጨምራል የሚል ይኖራል። አውድማ ላይ የሚመረጠው ግን ዓይን የሚያየው ነው፤ የዛላው ትልቅነት፣ የፍሬው ንጣት። ውኃ ቆጣቢነት ዝናብ በጠገበ ዓመት አይታይም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የአገዳው ነው። ከምርጥ ዘሮቹ ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ አገዳ ደግሞ የከብት መኖ፣ አጥርና ማገዶ ነው። እንዲህ ያለውን ዘር ገበሬው ቢተወው ሒሳቡ ትክክል ነው። ስለዚህ ዘረመሉን ወደ ራሱ ረጅም ማሽላ ማስገባት ይሻላል፦ አንዴ ማዳቀል፣ የሚወለደውንም ከገበሬው ዘር ጋር ደጋግሞ መልሶ ማዳቀል፣ በየትውልዱ ቁጠባውን የያዘውን ብቻ ማስቀረት። በመካከሉ የባዕድ ፍጡር ዘረመል አይገባም፤ ማሽላ ከማሽላ ነው። ለምለም የቆየ አገዳ ለከብቱም የተሻለ መኖ ይሆናል። ዝናቡ ከመነሻው ካልጣለ ግን የሚቆጠብ ውኃ የለም፤ ለዚያ ዓመት ዘግይቶ ተዘርቶ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የሌላ ዘረመል ሥራ ነው።