ቤትን ለገዢ ስለ ማሳየት

በደብረ ታቦር ከተማ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ደላላ መጥራት ነው። ደላላውም መጥቶ ግቢውን በዐይኑ ቃኝቶ፥ ዋጋውን ከባለቤቱ ሰምቶ፥ የራሱን ጨምሮበት ወደ ገበያ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ የሚጠባበቀው እግዚአብሔርንና ስልኩን ብቻ ነው። ገዢ ቶሎ ያልመጣ እንደ ሆነ ሌላ ደላላ ይጨመራል፤ ሁለተኛውም ከፊተኛው የተለየ ዋጋ ይናገራል፤ ገዢው አንዱን ቤት በሦስት ዋጋ የሰማ ጊዜ፥ የተሰወረ ነገር ቢኖርበት ነው ብሎ ይሸሻል። ወራት ካለፉ በኋላ የልጆች የትምህርት ገንዘብ ሲደርስ ወይም ሕመም ሲመጣ፥ ቤቱ ከሚገባው ዋጋ እጅግ በታች ይሄዳል። የባልና የሚስት የሃያ ዓመት ድካም ያረፈበት ንብረት በአንድ ሳምንት ችኮላ ሲወድቅ ማየት የሚያሳዝን ስለ ሆነ፥ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ስለዚሁ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ገዢ ወደ ግቢ ሲገባ በአፉ የሚጠይቀው የክፍሎቹን ብዛት ነው፤ በልቡ የሚመላለሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ስለ ምን ይሸጣል? ወንድሞቹና እኅቶቹ ነገ በፍርድ ቤት አይጠሩኝምን? ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየት ያልፋል? አጥሩስ የጎረቤትን ቦታ አልገፋምን? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ገዢ ወይ ይሄዳል፥ ወይም ስለ ፍርሃቱ ብቻ ከዋጋው ብዙ ይቀንሳል። የአሜሪካው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአሮጌ መኪና ገበያ አስመስለው አስረድተዋል። የመኪናውን ጉድለት ሻጩ ያውቃል፥ ገዢው ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም ጠርጥሮ ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና መኪና ያለውም ሰው በዚህ ዋጋስ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። እኒህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ስለማያውቅባቸው ገበያዎች በሠሩት ሥራ ነው። በእኛም አገር ደኅና ቤት ያለው ሰው የሌላውን መጥፎ ቤት ዕዳ እንዳይከፍል ከፈለገ፥ የቤቱን ነገር ገልጦ ከማሳየት የተሻለ ማስታወቂያ አያገኝም ብለን እናምናለን።

መገለጥ ያለበት በመጀመሪያ ወረቀቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው ቤቱን ሲሆን፥ የቦታው የመጠቀም መብት በሕግ እንደ ተወሰነው ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። ከተማ ወደ ገጠር እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጨረቃ ቤት የሚባለው ሳይፈቀድ የተሠራ ቤት ስለ በዛ፥ አስተዋይ ገዢ ወደ ሳሎን ሳይገባ ካርታ አሳየኝ ይላል። ካርታው በሟች አባት ስም እንደ ሆነ፥ ወራሾች በፍርድ ቤት ሳይረጋገጡና ሳይስማሙ ገዢ መጥራት ጊዜ ማባከን ነው። የባንክ ዕዳ ቢኖርበት ይነገር፤ የቦታ ግብር ያልተከፈለበት ዓመት ቢኖር ተከፍሎ ደረሰኙ ከካርታው ጋር ይቀመጥ።

ከወረቀቱ ጋር የሚስት ነገር አለ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፥ ማለት በአዋጅ ቁጥር 79/1995፥ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። ባል ብቻውን ተዋውሎ ቀብድ ከበላ በኋላ ሚስት አልፈቀድሁም ያለች እንደ ሆነ፥ ገዢውም ሻጩም ወደ ክርክር ይገባሉ። ነገር ግን እኛ ሚስት ትጠየቅ የምንለው ስለ ፊርማዋ ብቻ አይደለም። ጣራው በየትኛው ማእዘን እንደሚያፈስ፥ ውሃ በሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፥ የምድጃው ጢስ ነፋስ ከጉና ሲነፍስ ወደ የት እንደሚዞር የምታውቀው እርስዋ ናት። ቤቱን ለገዢ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን ሁሉ በሥራ ውጭ የሚውለው ባል ነው። ገዢውም ሚስቱን ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ሴቶች በማድ ቤት ቆመው የሚነጋገሩት ነገር ወንዶቹ በሳሎን ከሚነጋገሩት ይልቅ ለሽያጩ ይጠቅማል።

ይህ በአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ታቦር ከጥንት የበጌምድር ክፍል ነው፤ በበጌምድርና በጎንደርም በ18ኛው መቶ ዓመት የርስት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጩ፥ ገዢው፥ ዋጋውና ምስክሮቹ በስም ይመዘገቡ ነበር። እነዚህን ጽሑፎች የመረመሩት የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ በጌምድር ሴቶች፥ ስለ ንብረታቸውና ስለ ሙግታቸው ባሳተሙት ጥናት፥ ሴቶች በገዛ ስማቸው ርስት ይዘው ይከራከሩ እንደ ነበር አሳይተዋል። ሽያጩ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ማንም እንዳይክድ ነው። ቤት ይቃጠላል፥ ይፈርሳልም፤ የደብረ ታቦርን ከተማ ራሱን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ አቃጥለውታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንዳይጸና፥ ውሉም ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ክረምቱም ጽኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈራው እርጥበትን ነው። አብዛኛው የቆየ ቤት ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠራ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቤት የሚጥለው ከሥር የሚገባው ውሃ ነው። ሻጭ ጥቂት ገንዘብ ቢኖረው በቀለም ላይ ከማጥፋቱ በፊት የቤቱን ዙሪያ ቦይ ያስጠርግ፥ የጣራውን አሸንዳ ያስጠግን፥ የተነቀለውን ምስማር ያስመታ። ምርጉ የተሰነጠቀው በእርጥበት ካልሆነ ይለሰን። በእርጥበት ከሆነ ግን ምክንያቱ ሳይወገድ ላዩን ኖራ መቀባት ማታለል ነው፤ ደግሞም በመጀመሪያው ዝናብ ይገለጣል። አንዳንድ ሰዎች ገዢ ሲመጣ ከርቤና ዕጣን አብዝተው ያጤሳሉ። ለቡና የሆነ እንደ ሆነ መልካም ነው፤ የሻገተ ግድግዳ ሽታ ለመሸፈን ግን አይሁን፥ ብልኅ ገዢ ዕጣኑ ራሱ ይነግረዋልና።

ከጥገና ቀጥሎ ብርሃንና ስፋት ነው። በብርድ ምክንያት መስኮቱን በጨርቅና በላስቲክ የመድፈን ልማድ አለን፤ ቤቱ በሚታይበት ቀን ይከፈት። ጎታው፥ ጋኑ፥ የተሰበረው ወንበር፥ የአራት ዓመት ባዶ ጆንያ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ዘመድ ቤት ይሂድ። ክፍሉ የሚሰፋው ግድግዳ በማፍረስ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ቤትን ለሽያጭ የሚያሰናዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሶፋና ሥዕል ተከራይተው ባዶውን ቤት የተኖረበት ያስመስሉታል። ለኛ ይህን ያህል አያሻንም፤ የተጠረገ ግቢ፥ የሚዘጋ በር፥ የታጠበ መጸዳጃ ይበቃል። መጸዳጃውን አጥብቀን እንናገራለን፤ ሻጮች ሳሎናቸውን አስጊጠው ገዢውን ወደዚያ ሳያደርሱ ይመልሱታል፥ ገዢውም ያላየውን ነገር ከፍቶ ይገምተዋል።

ስለ ፎቶግራፍ። በዛሬ ጊዜ ቤት የሚታየው በመጀመሪያ በስልክ ነው፤ በቴሌግራም የተላከው ሥዕል ከባሕር ዳር፥ ከአዲስ አበባ፥ ከውጭ አገርም ላለው ዘመድ ይደርሳል። በመሸ ጊዜ፥ በበር ላይ ቆሞ፥ ልብስ በተሰጣበት ግቢ የተነሣ ሥዕል ቤቱን ያዋርደዋል። ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይነሣ፤ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ በሩ፥ ከበሩ እስከ ሳሎን፥ ገዢው በእግሩ እንደሚገባ አድርጎ በተራ ይላክ። የመንገዱ ሥዕል እንዳይቀር፤ ክረምት መኪና እስከ የት እንደሚደርስ ያላወቀ ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ አይመጣም። ከሥዕሉ ጋር የሚሄደው ጽሑፍም “ምርጥ ቤት በምርጥ ቦታ” የሚል ባዶ ውዳሴ አይሁን። እንደሚከተለው ቢጻፍ ደስ ይለናል፦

“በደብረ ታቦር ከተማ የሚሸጥ መኖሪያ ቤት። ይዞታው 200 ካሬ ሜትር፥ ካርታው በባልና በሚስት ስም፥ ከባንክ ዕዳ ነጻ። ቤቱ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ፥ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ ጣራው ቆርቆሮ። ሦስት ክፍልና ለብቻው የቆመ ማድ ቤት አለው። የውሃና የመብራት ቆጣሪ የራሱ ነው። በበጋ መኪና እስከ በሩ፥ በክረምት እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ይነካዋል፤ ዋጋው ይህንን አስቦ የተቈረጠ ነው።”

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አይተው አንዳንድ አንባቢዎቻችን የገዛ ዕቃን ማራከስ ነው እንዳሉን እንቈጥረዋለን። ሆኖም ያ ግድግዳ ቢነገርም ባይነገርም ይታያል። ገዢው ራሱ ያገኘው እንደ ሆነ፥ ሌላ ስንት ተሸሽጓል ብሎ ስለ ዐሥር ጉድለት ይቀንሳል፤ አስቀድሞ የተነገረው እንደ ሆነ ግን ስለ አንዱ ግድግዳ ብቻ ይከራከራል።

ዋጋ ሲቈረጥ ጎረቤት የጠራውን ዋጋ ሳይሆን የተቀበለውን መጠየቅ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ታላቅ ነው። ለክርክር ይሆናል ብሎ እጥፍ መጥራት የቆየ ልማድ ቢሆንም ጨዋውን ገዢ ከሩቅ ይመልሰዋል። ደላላ አያስፈልግም አንልም፤ አገሩን የሚያውቅና ቃሉን የሚጠብቅ አንድ ደላላ ይመረጥ፥ የድካሙ ዋጋና የቤቱ ዋጋ በጽሑፍ ይሰጠው። ጊዜውንም ማስተዋል ነው። እህል ተሰብስቦ ገንዘብ በነጋዴ እጅ የሚገባበት፥ መንገዱም የሚደርቅበት ከጥር በኋላ ያለው ወራት ከሐምሌ ጭቃ ይሻላል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ጋይንትና ወደ ደብረ ታቦር በደረሰ ጊዜ፥ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም፥ ቤታቸውን ዘግተው መሄድ የተገደዱ ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚሰጠው ዋጋ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የፍርሃቱ ዋጋ ነው። መቆየት የሚችል ሰው አከራይቶ ቢቆይ እንመርጣለን፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ገዢ ደግሞ ጎረቤት ሳይጠይቅ አይገዛም፤ ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ጎረቤቶች ከደላላ አፍ ሳይሆን ከባለቤቱ ቢሰሙ ይሻላል። አዋሳኞቹም በገዢው ፊት ድንበሩን ዞረው ቢያሳዩ፥ ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና የለም።

ነገሩ ተስማምቶ ቀብድ ሲሰጥ በወረቀትና በምስክር ፊት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህንን ሳያስቡ፥ የበለጠ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ገዢ በማግሥቱ መጣ ብለው ውል ያፈረሱ ሰዎች ትርፍ ያሉትን በቅጣት ከፍለዋል። ስም ከመዛወሩ በፊት የሚከፈለው የመንግሥት ቀረጥና የአገልግሎት ዋጋ ከማን እንደሚወጣ በውሉ ይጻፍ፤ የዚህ ነገር ጠብ በመጨረሻው ቀን ብዙ ስምምነት ያፈርሳል። ቤቱ በሚረከብበትም ቀን የውሃውና የመብራቱ ሒሳብ ተከፍሎ ደረሰኙ ከቁልፎቹ ጋር ይሰጥ፤ የበሩ፥ የጓዳውና የመጋዘኑ ቁልፍ ተቈጥሮ፥ አዲሱም ባለቤት ከመንደሩ ዕድር ዳኛ ጋር ይተዋወቅ።