ሞገዱን አሳልፎ ሙቀቱን የሚያስቀር መስመር

የኬብል አስመጪና ባለ ሱቅ ሊያውቁት የሚገባ የብረታ ብረት ጠባይ

ዲማ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የሚገኝ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ ከሩቅ የሚጠራ ስፍራ ነው። በዲማም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት ገበያዎች፣ የጤፍና የማር ነጋዴ የሌላውን ገበያ ዋጋ ለማወቅ መንገደኛ እስኪመጣ ይጠብቅ የነበረበት ዘመን አልፏል። መስመሩ ባልተቋረጠ ጊዜ ሁሉ ዋጋውን በስልክ ይጠይቃል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ሒሳቡን በቴሌብር ሊከፍልና ሊቀበል ይችላል። የዓለሙን ወሬ የሚሻ እንደ ሆነም በጣሪያ ላይ በተተከለው ዲሽ ይከታተላል።

ይህ ሁሉ ንግግርና ሒሳብ የሚጓዘው በራዲዮ ሞገድ ተጭኖ ነው። ሞገዱ ግን አየሩን ከማቋረጡ በፊት ከማሠራጫው ወደ አንቴናው፣ አየሩን ካቋረጠም በኋላ ከአንቴናው ወደ መቀበያው የሚያደርሰው ኬብል ወይም ቱቦ ያስፈልገዋል። ይህን ኬብል ከውጭ አገር የሚያስገባው አስመጪ፣ በሜትር ለክቶ የሚሸጠውም ባለ ሱቅ ነው። ስለዚህም የመስመሩ ጠባይ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

ከነዚህ ጠባዮች መካከል እምብዛም የማይነገርለት የሙቀት ጉዳይ ነው። ሁለት የሞገድ መስመሮች በተገናኙ ጊዜ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ሞገዱ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ወገን የሞቀ እንደ ሆነ ሙቀቱም በዚያው ብረት ላይ ተከትሎ ይሻገራል። ሞገዱ እንዲያልፍ፣ ሙቀቱ ግን እንዲቀር ማድረግ መሐንዲሶችን ብዙ ያደከመ ሥራ ነው። መፍትሔውም ዞሮ ዞሮ ነጋዴው በየቀኑ ከሚያገላብጠው ሽቦ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ይገኛል።

ሙቀቱ የሚያስከትለው ጉዳት

ማናቸውም ሙቀት ያለው ነገር በዓይን የማይታይ የራዲዮ ሞገድ ይረጫል። ይህም በመቀበያው ውስጥ እንደ ጫጫታ ሆኖ ይሰማል። በቅርብ ካለ ማሠራጫ ለሚመጣው ኃይለኛ ሞገድ ይህ ጫጫታ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። እጅግ ከሩቅ የሚመጣው ደካማ ሞገድ ግን በራሱ በመሣሪያው ሙቀት ተውጦ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሩቁን የሚያዳምጡ መቀበያዎች በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል በተባለው ስፍራ አንድ ትልቅ አንቴና ሲመረምሩ፣ የመሣሪያቸውን ጫጫታ በፈሳሽ ሂልየም ከቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ ጋር አመዛዝነው ነበር። ከየትም እንደ መጣ ያልታወቀ 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ትርፍ ሙቀት አገኙ። ይህም ከዓለም መጀመሪያ ዘመን የቀረ ሞገድ መሆኑ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በመስመሩ በኩል የሚገባውን ሙቀት ባይቆጣጠሩና በሒሳብ ባይለዩት ኖሮ፣ ያን ያህል ትንሽ ትርፍ ለይቶ ማወቅ ባልተቻለም ነበር።

በአህጉራችንም በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የተመረቀው ሚርካት የተባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ዲሾች ሲኖሩት፣ መቀበያዎቹ ከዜሮ በታች ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲቀዘቅዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ካለው ቅዝቃዜ ውስጥ 1 ዋት ሙቀት ለማውጣት፣ በተፈጥሮ ሕግ ቢያንስ 14 ዋት ያህል ኃይል ማውጣት ግዴታ ነው፤ በተግባር የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በኬብሉ ላይ ሾልኮ የሚገባ እያንዳንዱ ዋት ዘወትር የሚከፈል ዕዳ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ በቴሌስኮፕ ብቻ አይወሰንም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አገር የተወነጨፈች ሲሆን፣ የመቆጣጠሪያና የመቀበያ ጣቢያዋ የተቋቋመው በእንጦጦ ነው። ማንኛዋም ሳተላይት ፀሐይ የሚመታው ጎኗ ሲግል ጥላ የዋለበት ጎኗ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው የሞገድ መስመርም ሙቀቱን እንዳሻው እንዳያመላልስ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል።

የመዳብ በጎነትና ጉድለት

አንጥረኛ የማጭዱን ወይም የቢላዋውን ጭራ በእንጨት እጀታ ውስጥ የሚሰካው፣ የቡና መቁያም እጀታ የሚረዝመው ለምን እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። እንጨት ሙቀትን አያሳልፍም፤ ብረቱም ረዥምና ቀጭን በሆነ መጠን ሙቀቱ እጅ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። በሞገድ መስመር ላይ ግን እንጨት ቢገባ ሙቀቱን ከማገዱ ጋር ሞገዱንም ያቋርጠዋል። የሚፈለገው እንደ ኬላ ጠባቂ አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚመልስ ነገር ነው።

ችግሩ ከብረታ ብረት ጠባይ የሚመጣ ነው። ቪደማንና ፍራንትስ የተባሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1853 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያሳልፍ ብረት ሙቀትንም በደንብ ያሳልፋል፤ ሁለቱንም የሚሸከሙት በብረቱ ውስጥ የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ናቸውና። ሙቀት የማሳለፍ ችሎታቸው በአንድ መለኪያ ሲመዘን መዳብ 400፣ አሉሚኒየም 237 ያህል ሲሆኑ፣ የማይዝግ ብረት 15 ገደማ ብቻ ነው። መዳብ ለሞገድ እጅግ የተመረጠ ቢሆንም ለሙቀትም የተከፈተ በር ነው።

በቁጥር ለመግለጽ፣ ከእርሳስ የቀጠነ፣ የብረቱ ስፋት ከ4 ካሬ ሚሊሜትር በጥቂት የሚያንስ፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ኮአክሲያል ኬብል ይታሰብ። በሁለቱ ጫፎች መካከል የ100 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ ኬብሉ የመዳብ ከሆነ 1 ዋት ተኩል ያህል ሙቀት ያሻግራል። በዚያው ልክ ከማይዝግ ብረት ቢሠራ የሚሻገረው ከአንድ ዋት አሥራ ስድስተኛ እጅ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ የማይዝግ ብረት ብቻውን ሞገዱን በጣም ያደክመዋል።

ለሞገዱ ቆዳው ይበቃዋል

መፍትሔው የተገኘው ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲመላለስ ከሚያሳየው ጠባይ ነው። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን እየፈጠነ በለዋወጠ ቁጥር ከሽቦው እምብርት እየራቀ ወደ ገጹ ይሰበሰባል። በየቤቱ በሚገባው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው ኤሌክትሪክ በመዳብ ውስጥ ያለው ጥልቀት 9 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ተራ ሽቦ ከገጹ እስከ እምብርቱ ይሠራል። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚመላለሰው የራዲዮ ሞገድ ግን 2 ማይክሮን ያህል ብቻ ይጠልቃል፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛው እጅ ማለት ነው።

እንግዲህ ሙቀት በብረቱ ሙሉ ስፋት ሲጓዝ፣ ሞገዱ የሚጓዘው በቆዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሙቀትን ከሚያዘገየው የማይዝግ ብረት ወይም ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ ይሠራና፣ ሞገዱ በሚሄድበት ገጽ ላይ ጥቂት ማይክሮን የሚሆን መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ይለበጥበታል። ሞገዱ በለበጣው ላይ ያልፋል፤ ሙቀቱ ግን ለመሻገር የሚያገኘው መንገድ ያ ስስ ለበጣና ሰነፉ ብረት ብቻ ነው። ለበጣው ከሚገባው በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ ተመልሶ መንገድ ያገኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ መዳብ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው።

ክፍተትና ማራገፊያ

ሁለተኛው ዘዴ መስመሮቹን ጨርሶ አለማነካካት ነው። የሞገድ ቱቦዎች በሆኑ ጊዜ የሁለቱ አፍ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ በመካከላቸው ስስ ክፍተት ይተዋል፤ በአንደኛው አፍ ዙሪያም ጥልቀቱ የሞገዱ ርዝመት ሩብ የሆነ ቦይ ይቀረጻል። ለ10 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ ይህ ሩብ 7 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ቦዩ ሞገዱ ወደ ጎን እንዳያመልጥ ስለሚመልሰው፣ ሞገዱ ክፍተቱ እንደሌለ ሆኖ ይሻገራል። አየሩ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሙቀት የሚንጠላጠልበት ብረት ስለማያገኝ ከሞላ ጎደል ይቀራል። ጉድለቱ ሁለቱ አፎች ትንሽ እንኳ ከተዛነፉ ሞገዱ መባከኑ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ሙቀቱን በየደረጃው ማራገፍ ነው። ኬብሉ ከሞቀው ክፍል ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ በመካከል ባሉት የቅዝቃዜ ደረጃዎች ላይ ይታሰራል፤ ሙቀቱም ከታች ሳይደርስ በየኬላው እየተቀነሰ ይሄዳል። የውጭው ቱቦ በዚህ ዘዴ በቀላሉ ይቀዘቅዛል። የውስጡ ሽቦ ግን ቴፍሎን ስለ ለበሰ፣ ቴፍሎንም ሙቀትን እጅግ ስለሚያግድ፣ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ሲባል ከሰንፔር ወይም ከአሉሚኒየም ናይትራይድ የተሠራ ትንሽ ቁራጭ በመካከሉ ይገባል፤ እነዚህ ኤሌክትሪክን ከልክለው ሙቀትን የሚያሳልፉ ነገሮች ናቸው።

በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ኳንተም ኮምፒዩተሮች ሆነዋል። ብዙ ኬብሎች ከተራው ክፍል ሙቀት ተነሥተው ከፍጹም ቅዝቃዜ በላይ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ እጅ ገደማ ብቻ ወዳለበት ስፍራ ይወርዳሉ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚገባው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ በብርቱ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ኪሣራ እያሳለፈ ሙቀትን ግን እምብዛም አያሳልፍም፤ ከቪደማንና ከፍራንትስ ሕግ ያፈነገጠ ነው።

ይህ ጠባይ በገበያ ላይ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ በዲማ ወይም በደብረ ማርቆስ ሱቅ ላይ ከተሰቀለው የዲሽ ገመድ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በገበያ ከሚገኘው የዲሽ ገመድ ብዙው፣ እምብርቱ ብረት ሆኖ መዳብ የተለበጠ ነው። ይህን ያየ ደንበኛ ተታለልኩ ሊል ይችላል። ለሞገዱ ግን ማታለል አይደለም፤ የመዳቡ ውፍረት በአሥር ቤት የሚቆጠር ማይክሮን ሲሆን ሞገዱ የሚፈልገው 2 ማይክሮን ያህል ነውና። በሞገድ በኩል ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ልዩነቱ የሚታየው በሌላ በኩል ነው። ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ላይ ለዲሹ ኤል ኤን ቢ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ይህ ኤሌክትሪክ የማይመላለስ ስለ ሆነ በሽቦው ሙሉ ስፋት ይሄዳል፤ የብረት እምብርትም ያስቸግረዋል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ እምብርት ያለው የ50 ሜትር ገመድ፣ ኤል ኤን ቢው 200 ሚሊ አምፔር ሲስብ፣ መዳብ የተለበጠው እስከ 1 ቮልት ድረስ ሲያጠፋ ሙሉ መዳቡ የሚያጠፋው የዚያን አምስተኛ እጅ ያህል ነው። ገመዱ አጭር ከሆነ ችግር የለም። ረዥም ሲሆንና ማያያዣዎቹ ሲዝጉ ግን ቮልቱ እየወረደ፣ በ18 ቮልት የሚሠሩት ጣቢያዎች ሊጠፉ ይችላሉ። ለሩቅ ዝርጋታ ሙሉ መዳብ መምከር የባለ ሱቁ ፈንታ ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የተለበጠውን ሽቦ ለቤት ኤሌክትሪክ መሸጥ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ቆዳው ላይ ሳይወሰን በሽቦው ሁሉ ስለሚሄድ፣ ለራዲዮ ብልኀት የነበረው ለበጣ እዚህ ላይ አደጋ ይሆናል። መዳብ የተለበጠ ብረት፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ካለው ሙሉ መዳብ በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ሊያመነጭ ይችላል፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየምም አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያመነጫል። ምጣድ በተሰካ ጊዜ እንዲህ ያለው ሽቦ ልባሱን አቅልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

መለየቱ ብዙ ድካም የለበትም። እምብርቱ ብረት የሆነውን ማግኔት ይስበዋል፤ ሙሉ መዳብን ግን አይስብም። አሉሚኒየም የሆነው ገጹ በቢላዋ ሲፋቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ በሚዛንም ይቀላል። ብረቱ ግን በክብደት ከመዳብ ብዙ ስለማይለይ በሚዛን ብቻ መተማመን አይገባም። አስመጪውም ከውጭ ሻጭ ጋር ሲዋዋል፣ እምብርቱ ምን እንደ ሆነና ውፍረቱ ስንት እንደ ሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ቢያስጽፍ፣ በጥቅልሉ ላይም እንዲታተም ቢያደርግ፣ ከእርሱ የሚገዛው ባለ ሱቅ ለደንበኛው እውነቱን ለመናገር ይችላል።

ለበጣ በራሱ ነውር የለበትም፤ በትልልቆቹ የምርምር መሣሪያዎች ውስጥ ሳይቀር ታስቦበት የሚሠራ ነው። ነውሩ የተለበጠውን ሙሉ ነው ብሎ መሸጥና ለሞገድ የተሠራውን ለምጣድ ማዋል ነው። ገመዱን ከመቁረጡ በፊት ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ደንበኛውን የሚጠይቅ ባለ ሱቅ የደንበኛውንም ቤት፣ የራሱንም ስም ይጠብቃል።