የፕሮስቴት ሕክምና፦ «የት ልታከም?» ከማለት በፊት

ጥሊሊ በአዊ ዞን፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወጥቶ ዓረብ አገር ወይም ሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ አለዚያም ልጆቹ በስተርጅና ወደ ውጭ የወሰዱት አንድ ሰው አለ እንበል። ዕድሜው 65 ነው፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ሐኪም ፕሮስቴቱ ማደጉን ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ መካከል የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ነው፤ እዚያው ይታከም ወይስ አገሩ ገብቶ? ክርክሩ ግን ከመጨረሻው የጀመረ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በሽታው ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰና የሚመረጠው ሕክምና ምን ክትትል እንደሚፈልግ ነው።

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ይከባል፤ ሥራው የዘር ፈሳሽን አንድ ክፍል ማመንጨት ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ቧንቧውን የሚያቅፈው የውስጠኛው ክፍል ቀስ በቀስ ማደግ ይጀምራል። በአስከሬን ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ይህ እድገት በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከነበሩት ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ከኖሩት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ተገኝቷል። እድገቱ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ግን ይችላሉ።

እጢውን የሚያሳድገው ምን እንደሆነ በደንብ የታወቀው ከሩቅ አገር በተገኘ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሊ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቿ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገጠር ስለሚገኙ ቤተሰቦች አንድ ጥናት አሳተሙ። በእነዚህ ቤተሰቦች ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ቅርጽ የሚቀይረው ኤንዛይም የጎደላቸው ወንዶች ነበሩ። ፕሮስቴታቸው ዕድሜ ልካቸውን ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። እጢውን የሚያሳድገው ይህ የተቀየረው ሆርሞን መሆኑ ከታወቀ፣ ኤንዛይሙን በመድኃኒት መግታት ይቻላል ማለት ነው። ፊናስተራይድ የተባለው መድኃኒት የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ቧንቧውን የሚያጠበው ግን የእጢው ግዝፈት ብቻ አይደለም። በእጢው ውስጥና በፊኛው አንገት ላይ ከፈቃዳችን ውጭ በነርቭ የሚታዘዝ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ሲኮማተር መተላለፊያው ይጠባል፤ ብርድና ድንጋጤ ያጠብቁታል። መድኃኒቶቹ በሁለት ወገን የተከፈሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ወገን ጡንቻውን ያላላል፣ ሌላው እጢውን ያሟሽሻል።

በቤተሰብ ወሬ ሁሉ የሚነሳው ፕሮስቴቱ ነው። የሚጎዳው አካል ግን ፊኛው ነው፤ ከፍ ሲልም ኩላሊት። መውጫው ሲጠብ የፊኛው ጡንቻ በበለጠ ኃይል መግፋት ስላለበት ይወፍራል። የወፈረ ጡንቻ ቁጡ ነው፤ ገና ሳይሞላ ይኮማተራል። ድንገት የሚያጣድፈውና ሌሊት የሚያስነሳው ሽንት የሚመጣው በዚህ ደረጃ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጡንቻው ይደክማል። ያን ጊዜ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ተሸንቶም የማያልቅ ይመስላል። ፊኛው ውስጥ የሚቀረው ሽንት ለኢንፌክሽንና ለጠጠር መራቢያ ይሆናል። ግፊቱ ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ ኩላሊቶቹ ያብጣሉ፤ ይህ የመጨረሻው ጉዳት ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ስለሚመጣ ሰውየው አይነቃበትም። ጡንቻው ጨርሶ ከደከመ በኋላ እጢው ቢወጣ እንኳ ፊኛው ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ በፕሮስቴቱ መጠን አይለካም። 35 ግራም የሆነ እጢ ሽንት ሊዘጋ፣ 100 ግራም የሆነው ደግሞ ባለቤቱን ሳያስቸግር ሊኖር ይችላል።

የበሽታውን ደረጃ የሚያሳዩት መለኪያዎች ውድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሐኪሞች በመላው ዓለም የሚጠቀሙበት የሰባት ጥያቄዎች መጠይቅ ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 35 ሲሆን እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው፤ የእጢውን መጠን፣ ከተሸና በኋላ ፊኛው ውስጥ የቀረውን ሽንትና የኩላሊቶቹን ሁኔታ ያሳያል። በዚህ ላይ የሽንት ምርመራ፣ የስኳር ምርመራና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪአቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይጨመራሉ። ስኳሩ ያለ ምክንያት አልተጨመረም፤ ሌሊት ብዙ የሚያሸናው ፕሮስቴት ሳይሆን ስኳር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፒ ኤስ ኤ የሚባለው የደም ምርመራ የካንሰር ጥርጣሬን ለማጣራት ይረዳል፤ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽንት ተዘግቶበት ቱቦ የገባለት ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ቁጥሩ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል። በአንጻሩ ፊናስተራይድ ለወራት የወሰደ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ስለሚወርድ ውጤቱ በሁለት ተባዝቶ መነበብ አለበት። ሐኪም የቀየረና መድኃኒቱን ያልተናገረ ሰው የውሸት መረጋጋት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ቀላል ምልክት ብቻ ያለው፣ ፊኛው በደንብ ባዶ የሚሆንለትና ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ያለ መድኃኒት ሊቆይ ይችላል። ከመኝታ በፊት መጠጥ መቀነስ፣ ማታ ማታ ቡናና አረቄ መተው ይረዳዋል። ውጭ አገር ለሚኖረው ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው የጉንፋን መድኃኒት ነው። አፍንጫ የሚከፍተው ፕሱዶኤፌድሪን የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ እንደ ቤናድሪል ያሉት እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ደግሞ የፊኛውን ጡንቻ ያደክማሉ። ከ10 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ላይ መጠጥ ወስዶ፣ የእንቅልፍ ክኒን ጨምሮ፣ ሽንትን ይዞ መተኛት ሽንት በድንገት ለመዘጋቱ ምቹ መንገድ ነው።

መድኃኒት ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዘው ጡንቻ የሚያላላው ወገን ነው። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቀው ታምሱሎሲን ሲሆን በቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ራስ ማዞር ሊያመጣ፣ የዘር ፈሳሽንም ሊቀንስ ይችላል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ያሰበ ሰው መድኃኒቱን መውሰዱን ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ የዓይኑ ብሌን በቀዶ ሕክምናው ወቅት አልታዘዝ ስለሚል ነው። እጢ የሚያሟሽሹት ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ እጢውን ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ያሳንሳሉ። ሥራቸው በትክክል የሚታየው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የሚጠቅሙትም እጢው የተለቀ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመና 3,047 ወንዶች ለዓመታት በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን ወገን አንድ ላይ መውሰድ የበሽታውን መባባስ በ66 በመቶ ቀንሷል፤ ለየብቻ ሲወሰዱ ቅነሳው ከ40 በመቶ በታች ነበር።

ከአገር ቤት ዛፎች አንዱም እዚህ ይነሳል። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ከሚበቅለው፣ ጥቁር እንጨት ከተባለው ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ጭማቂ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ሲሸጥ ኖሯል። ከንግዱ ብዛት የተነሳ ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። የተደረጉት ጥናቶች መጠነኛ የምልክት መሻሻል አሳይተዋል፤ ሆኖም ትንንሽና የአጭር ጊዜ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሸጠው ሶው ፓልሜቶ የተባለው የተክል ክኒን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2011 በታተሙ ጥንቃቄ በተሞላባቸው ጥናቶች ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ከሁለቱ አንዱም ሽንት እንዳይዘጋ ወይም ኩላሊት እንዳይጎዳ ለመከላከሉ ማስረጃ የለም።

ሽንት ጨርሶ ከተዘጋ ቱቦ፣ ማለትም ካቴተር፣ ይገባል። ቱቦው ሕይወት አዳኝ ነው፤ መኖሪያ ግን አይደለም። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ተወስዶ ቱቦው ሲወጣ ከ100 ሰዎች 62 ያህሉ ራሳቸው እንደሚሸኑ፣ ያለ መድኃኒት ደግሞ 48 ያህሉ ብቻ እንደሚችሉ አንድ የታወቀ ጥናት አሳይቷል። ሙከራው ያልተሳካለት፣ ሽንቱ በተደጋጋሚ የሚዘጋበት፣ ኩላሊቱ የተነካ ወይም ጠጠር ያበጀ ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት በአብዛኛው በእጢው መጠን ይወሰናል። ከ30 እስከ 80 ግራም ለሚሆነው የተለመደው መንገድ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ እጢውን ከውስጥ መላግ ነው። ከዚያ ለሚበልጠው ሆድን ከእምብርት በታች ከፍቶ እጢውን ፈልፍሎ ማውጣት፣ ወይም መሣሪያው ባለበት ይህንኑ በሌዘር መሥራት ነው። ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ዛሬም በስፋት ይሠራል። ብዙዎች የድሃ አገር ምትክ አድርገው ያዩታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ደም የማፍሰሱ ዕድልና የሆስፒታል ቆይታው ይበልጣል፤ ውጤቱ ግን ጠንካራና ለረጅም ዘመን የሚቆይ ነው። ከእነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ነው።

ይህን ለማስቀረት ባለፉት ዓመታት በሀብታም አገሮች ቀለል ያሉ ዘዴዎች ወጥተዋል። ዩሮሊፍት እጢውን በትንንሽ ማሰሪያዎች ወደ ጎን ስቦ ይይዛል፤ ሬዙም በውሃ እንፋሎት ያሟሽሻል። ሁለቱም ለመካከለኛ እጢ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በዩሮሊፍት ዋና ጥናት ከታከሙት ከ100 ሰዎች 13 ወይም 14 ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ሕክምና አስፈልጓቸዋል። አሜሪካ ለሚቀር ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ጥሊሊ ገብቶ ሊኖር ላሰበ ሰው ግን የሕክምናው ቀላልነት ወደ ችግር ይለወጣል።

አገርን የመምረጥ ጥያቄ ትርጉም የሚያገኘው አሁን ነው። የመጀመሪያው ነገር ክፍያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ግሪን ካርድ ያለው አባት፣ የራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው የሥራ ታሪክ ከሌለው፣ ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ለመግዛት በተከታታይ አምስት ዓመት መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የድንገተኛ ክፍሎች ሽንት የተዘጋበትን ሰው ሳያረጋጉ እንዳይመልሱ ያስገድዳል፤ ቀጠሮ የሚያዝለትን ቀዶ ሕክምና ግን አይሸፍንም። ሰውየው ቱቦ ገብቶለት ይወጣል፤ ቀሪው የራሱ ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛ የጤና መድን ብዙ ጊዜ ከሥራ ውሉ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ውሉ ሳያልቅ መታከም ያዋጣል። አገር ቤት ያለው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው፣ በአባልነት የተመዘገበ ቤተሰብን በሪፈር ቅደም ተከተል የሚያስተናግድ ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ከኪሱ እንደሚከፍል አስቦ ይግባ።

ሁለተኛው ክትትል ነው። ከጥሊሊ ብዙ ሳይርቅ እንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታል ይገኛል፤ ከፍተኛው ሕክምና የሚገኘው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከእንጅባራ ርቆ፣ ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ደም ዳግም ሊፈስና የረጋ ደም ሽንት ሊዘጋ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ስለኖረ፣ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ አለመውጣት ከጥንቃቄ በላይ ነው። ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ሸክምና ፈረስ መጋለብ ክልክል ናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ የታከመ የአገው ፈረሰኞች ማህበር አባል በዚያ ዓመት የማህበሩን የጥር 23 በዓል ከተመልካች ጋር ሆኖ ያያል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። በመድኃኒት የሚረዳ ሰው የትም ሊኖር ይችላል፤ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ትክክለኛ ስሙን ጽፎ መያዝና ለጥቂት ወራት የሚበቃ መጠን ይዞ መጓዝ ይበቃዋል። ቱቦ የገባለት ሰው፣ የሚከፍልለት መድን ካለ፣ ባለበት አገር ይታከም። ከሌለው ቱቦውን በየወሩ እየቀየረ ከሚቆይ አገር ቤት ገብቶ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ቢታከም ይሻለዋል። ወደ ጥሊሊ ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ደግሞ ከሚደጋገመው ቀላል ዘዴ ይልቅ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃውን ይምረጥ።

የትም ይታከም፣ የወጣው ሥጋ የፓቶሎጂ ምርመራ ውጤት ሳይያዝ ከከተማው መውጣት የለበትም። ቀዶ ሕክምናው የሚያወጣው የእጢውን የውስጠኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ካንሰር በብዛት የሚነሳበት የውጭኛው ክፍል እዚያው ስለሚቀር የፒ ኤስ ኤ ክትትሉም ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ ይቀጥላል።