እሱ ሲያረፍድ ጠባዩ፣ እኔ ሳረፍድ ታክሲው

የእድር ስብሰባ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አንድ አባል ሦስት ተኩል ላይ ብቅ ቢል፣ ገና ወንበር ሳይዝ ሹክሹክታው ይጀመራል፦ «እሱ ድሮም ግዴለሽ ነው!» በሚቀጥለው ወር ያረፈድነው እኛ ከሆንን ግን ታክሲ ጠፍቶ ነው፣ መንገድ ተዘጋግቶ ነው፣ ልጅ ታሞብን ነው። ሁለታችንም ያረፈድነው ሠላሳ ደቂቃ ነው። ታዲያ የእሱ ጠባይ፣ የእኛ አጋጣሚ የሚሆነው እንዴት ነው?

ነገሩ ከአድልዎ በፊት ከዓይን ይጀምራል። ሌላውን ስናይ ፊታችን የቆመው ሰውየው ነው፤ የታክሲው ሰልፍ፣ ሌሊቱን ያደረበት ሆስፒታል፣ ከቤት ሲወጣ የተደወለለት ስልክ አይታየንም። ራሳችን ስንሆን ደግሞ የምናየው መንገዱን እንጂ የራሳችንን መልክ አይደለም። ስለዚህ «ለምን?» ሲባል ሁሉም ዓይኑ ያረፈበትን ይጠቅሳል። ስለዚህ የምክንያት ፍለጋ በስፋት የጻፈው በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ፍሪትዝ ሃይደር ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊ ሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ጠባይን አግንኖ ሁኔታን የማሳነሱን ልማድ «መሠረታዊው የምክንያት ስህተት» ብሎ ሰየመው።

ሁኔታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። የተፈተኑት በፕሪንስተን የሚማሩ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ነበሩ። ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው፤ የከፊሎቹ ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ያስላል፣ ያቃስታል። ሰውየው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው መካከል 63 ከመቶው ረዱት። «ዘግይተሃል፣ እየጠበቁህ ነው» ከተባሉት ግን የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ እየሮጡ ሰውየውን ተራምደው ያለፉም ነበሩ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያያቸው ሰው «ጨካኞች!» ማለቱ አይቀርም፤ ጥድፊያቸውን ከየት አይቶት?

የሰጠነው ምክንያት ደግሞ በሐሜት ብቻ አይቀርም፤ ሰውየውን መልሶ ይሠራዋል። ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ ወንዶች ከማያውቋት ሴት ጋር በስልክ እንዲያወሩ ተደረገ። አስቀድሞ የተሰጣቸው ፎቶግራፍ የሌላ ሴት ነው፤ ለአንዳንዶቹ የቆንጆ፣ ለሌሎቹ ቆንጆ ያልሆነች። ኋላ ስለ ፎቶው ምንም የማያውቁ ሰዎች የሴቶቹን ድምፅ ብቻ ሲያዳምጡ፣ «ቆንጆ ናት» ተብላ የታመነባት ሴት ይበልጥ ተጫዋችና ሞቅ ያለች ሆና አገኟት። ወንዶቹ በሙቀት ስላነጋገሯት እሷም በሙቀት መለሰች።

ወደ እድሩ ስንመለስ፣ «ግዴለሽ» የተባለው አባል ከዚያ ወዲያ ኃላፊነት አይሰጠውም፣ ሰላምታውም ይቀዘቅዝበታል። እሱም ቀስ በቀስ መምጣቱን ይተዋል። ያኔ «አላልኩም?» እንላለን። ያልነውን ያደረግነው ግን ራሳችን ልንሆን እንችላለን።

ታዲያ ሰው ሁሉ የሁኔታ እስረኛ ነው፣ ግዴለሽ የሚባል የለም ማለት ነው? አይደለም። ከተጣደፉት ተማሪዎችም ቆመው የረዱ አሉ። ጠባይንና አጋጣሚን ለመለየት ሃሮልድ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ዘዴ በሦስት አጭር ጥያቄ ይጠቃለላል፦ ሌላው ሰውስ? ሌላ ቦታስ? ሌላ ጊዜስ?

በዚያ ቀን ግማሹ አባል ካረፈደ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሰውየው ብቻ ካረፈደ፣ ሥራ ቦታም ለቅሶ ቤትም የሚያረፍድ ከሆነ፣ በየወሩም እንዲሁ ከሆነ፣ አዎ፣ ጠባዩ ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ቦታ ሰዓት አክባሪ ሆኖ እድሩ ላይ ብቻ ዘወትር የሚያረፍድ ከሆነስ? ያኔ የስብሰባው ቀን ከሥራ ፈረቃው ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ ማጣራት ነው። ያረፈደው ዛሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ የዛሬን ጉዳይ መጠየቅ ይበቃል።

አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «አንተ ለምን ታረፍዳለህ?» ሲባል ሰው ራሱን ለመከላከል ይነሣል። «ምን ገጥሞህ ነው?» ሲባል ግን እኛ ከወንበራችን ሆነን ያላየነውን ይነግረናል። ምክንያቱ የማያሳምን ሆኖ ከተገኘ፣ መውቀሻ ጊዜ አይጠፋም።