ጕድለት ያለበት ፎቶግራፍ የሚሰጠው ምስክርነት

ፎቶግራፍ ማንሣት በቀድሞ ዘመን ብዙ ገንዘብና ልዩ ትምህርት የሚጠይቅ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ሙያ ነበር። ዛሬ ግን ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያልፈው መንገደኛም፣ በሰመራ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሹምም፣ ተማሪውም ነጋዴውም ዐይኑ የወደደውን ሁሉ ያነሣል። ሆኖም ካነሣው የሚበዛውን ወዲያው ይደመስሰዋል። ምክንያቱን ቢጠይቁት፣ አንዱ ደብዝዟል፣ በሁለተኛው ብርሃን በዝቷል፣ ሦስተኛው ተንጋድዷል ይላል። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንወደው፣ ከነዚህ ከሚጣሉት መካከል ሊጠበቁ የሚገባቸው ብዙዎች መሆናቸውንና፣ ለማወቅ ሲባል በሚደረግ ሙከራ የሚገኝ ጕድለት የራሱ ውበትና የራሱ ጥቅም ያለው መሆኑን ነው።

አስቀድሞ ነገሩን መለየት ያስፈልጋል። ጕድለት ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። በስንፍናና በቸልታ የሚመጣ ጕድለት አለ፤ ይህን ማንም አይወደውም። ደግሞ ያልታወቀውን ለማወቅ እጁን ከዘረጋ ሰው ሥራ የሚወለድ ጕድለት አለ፤ ይህ የትምህርት መንገድ ነው። ፎቶግራፍን እንጀራው ሳያደርግ ለፍቅሩ ብቻ የሚያነሣ ሰው በዚህ ረገድ ከባለሙያው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። ባለሙያው ደንበኛ ይጠብቀዋልና የታወቀውን መንገድ መልቀቅ ይፈራል፤ ያኛው ግን ቢሳሳት የሚጠይቀው ስለሌለ እንደ ልቡ ይሞክራል።

በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አይታጣም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር ሲነግድ ሳለ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. ራሱንና በዚያ ያገኛቸውን ሰዎች አነሣ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ፣ ሥዕሎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ እንደ ሆነ ገልጦ፣ ወደ ፊት የተሻለ ሊሠራ ተስፋ ሰጠ። እነዚያ የነጡ ሥዕሎች ግን ዛሬ በጕልማሳነቱ ከቀሩለት ጥቂት ምስሎች መካከል ስለ ሆኑ በክብር ይጠበቃሉ። የሐረር ውሃ በወረቀቱ ላይ የተወው ንጣትም እንደ ስፍራው ማኅተም ሆኖ ይታያል።

ከሐረር በታች በተዘረጋው በአዋሽ ሸለቆም ይህን የመሰለ ነገር እናገኛለን። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በኅዳር ወር 1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ወዴት እንደሚጠፋ ለማየት የአፋርን ምድር ተጓዘ። በአውሳ በኩል አልፎ፣ የአዋሽ ውሃ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ መሆኑን አይቶ፣ በግንቦት ወር ታጁራ ደረሰ። በዚህ ጉዞ በእጁ የነበረው የፎቶግራፍ መሣሪያ የአባቱ የነበረ አሮጌ ኮዳክ ነው፤ የተሻለውን ላይካ የገዛው ከጉዞው በኋላ ነው። በዕድሜው ሁሉ ያነሣቸው 38 ሺህ ያህል ፊልሞች ዛሬ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የዚያን ዘመን የአፋር ሕዝብ አለባበስና ኑሮ ለመመርመር የሚሻ ሰው በአሮጌው ኮዳክ የተነሡትን ይፈልጋል። ቴሲጀር የተሻለ መሣሪያ እስካገኝ ልቈይ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ምስክርነት ባልተገኘ ነበር።

ሸለቆው ራሱ ለሙከራ የሚጋብዝ ነው። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት በቀትር ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው፣ ፀሓይ ከራስ በላይ ስለምትቆም የሰው ዐይን በግንባሩ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ከጋለው ምድር የሚነሣው አየር ብርሃንን ስለሚያጣምመው፣ በሩቅ ያለው ግመልና ተራራ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያው ጧትን ወይም ማታን ይጠብቃል፤ ሙከራ የሚወድ ሰው ግን ያንኑ ቀትር ያነሣል። የሚንቀጠቀጠው ተራራ ሐሰት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ሜዳ የሚቆም ሰው የሚያየው እንዲሁ ነው። ጥርት ብሎ ቢወጣ ኖሮ ሙቀቱን ባልነገረን ነበር።

ሙከራው ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። በስልኩ ላይ የሚታየውን ብሩህ ስፍራ በጣት ቢነኩት የሥዕሉ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፀሓይን ከኋላው አድርጎ የቆመው እረኛም ከነበትሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀረጻል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ባለው ፏፏቴ አጠገብ፣ ጎሕ ሲቀድ መሣሪያውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ለአንድ ሰኮንድ ያህል ብርሃን እንዲቀበል ቢተዉት፣ ውሃው እንደ ነጭ ሐር ተዘርግቶ ይታያል። የጨለማ ክፍልን መስኮት ደፍነው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ቢያስቀሩ፣ በውጭ ያለው መንገድ ተገልብጦ በግድግዳው ላይ ይሣላል፤ ይህንም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሊቁ ኢብን አል ሀይሠም መርምሮ ጽፎታል። በነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሥዕል ብዙ ጊዜ ሳይሳካ ይቀራል። ያልተሳካበትን ምክንያት መርምሮ ሁለተኛውን ማንሣት ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ዣክ ሄንሪ ላርቲግ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ሲበር አነሣ። መሣሪያው ብርሃኑን በአንድ ጊዜ ስለማይቀበል መንኰራኵሩ ወደ አንድ ወገን፣ ተመልካቾቹ ወደ ሌላው ወገን አዘነበሉ፤ አውቶሞቢሉም ግማሹ ተቈርጦ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1955 ዓ.ም. የላርቲግ ሥዕሎች በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲታዩ፣ ዓለም ይህን የመሰለውን ሥራውን አደነቀ። ፍጥነት በሥዕል እንዲታይ ያደረገው ያ መዛነፍ ነበርና።

የቤተ ክህነት ሰዎች ነገሩን ከብራና መጻሕፍት ያውቁታል። በብራናው ላይ ቀዳዳ ቢኖር ጸሓፊው ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ አድርጎ ይጽፋል፤ የተዘለለውንም ቃል በደቃቅ ፊደል ከመስመሩ በላይ ያስገባዋል። መጽሐፉ ስለዚህ አይጣልም፤ እርማቱም የተመረመረ መሆኑን ያስረዳል። በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ በሐዳር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽም ከአጽሟ የተገኘው ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነው። ጐደሎ ናት ብሎ የጣላት ግን የለም።

ይህ ሁሉ ለዐይን ደስታ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ለመነሣት ተገደደ። በታኅሣሥ ወርም በዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ወደ ሰማይ ወጣ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚነሣ ሥዕል እጅ የተንቀጠቀጠበት ቢሆን ማን ይፈርድበታል? የምድር ተመራማሪው የሚጠይቀው ስፍራውንና ሰዓቱን እንጂ የሥዕሉን ማማር አይደለም።

የከተሞቹም ታሪክ እንዲሁ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው ምድር ባቡር ያደገች ከተማ ናት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሰመራም ከዐሳይታ ቀጥላ የክልሉ መቀመጫ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። የአሮጌው ጣቢያ የዕለት ኑሮም፣ የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ ዓመታትም አንድ ጊዜ ካለፉ አይመለሱም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው፣ ሹማምንት ተሰልፈው ሪባን ሲቈረጥ የተነሣው ነው። ከሥራው መካከል አንድ ሠራተኛ ያነሣው የተንጋደደ ሥዕል፣ ግንበኛውን፣ የውሃ ቦቴውንና ገና ዛፍ ያልበቀለበትን ጐዳና ይዞ ሳለ ይደመሰሳል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለው ነው።

ስለዚህ መዝገብ ጠባቂ የሆነ ሁሉ ሥዕልን ከመደምሰሱ በፊት፣ ማማሩን ሳይሆን በሌላ ስፍራ የማይገኝ ነገር መያዙን ይመርምር። ቀኑን፣ ስፍራውንና ያነሣውን ሰው ስም ጽፎ ያኑረው፤ ያለዚህ ጥርት ያለውም ሥዕል ቢሆን ዲዳ ይሆናልና። የሚያነሣውም ሰው የሰው መልክ የባለቤቱ መሆኑን አውቆ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለት በኋላ ግን ሳይፈራ ይሞክር።